እናቴ ቀድማ የሞተችበት ካርድ

እናቴ ሁለት ጊዜ ሞታለች። መጀመሪያ በራሽን ካርድ ላይ፣ ቀጥሎ በሣር ዳሳችን ውስጥ። የመጀመሪያውን ሞት የጻፈባትን ሰው ሳስብ ጸጉሬ ሸበተ፤ በዚህም አላፍርም። ይቅር በዪው የሚሉኝን ሁሉ፣ እናንተ እናታችሁን ያለ መገነዣ ቅበሩና ከዚያ እንነጋገር እላቸዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በሰባ ሰባቱ ረሃብ ነው። ከአርማጭሆ በእግራችን ወደ ሱዳን ተሻግረን ከሾዋክ ወጣ ብሎ ካለው የስደተኛ መቀበያ ስንደርስ እናቴ መቆም አቃታትና ከአንድ ግራር ሥር ጋደም አለች። ተሰልፌ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ፤ አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር። ከሱዳናዊው ጸሐፊ አጠገብ አንድ የኛው አገር ሰው አስተርጓሚ ሆኖ ተቀምጧል፤ ንጹሕ ጀለቢያ የለበሰ፣ ፊቱ የወዛ። በዚያን ጊዜ ወዝ ያለው ፊት ማየት ብርቅ ስለነበር አልረሳሁትም።

«እናትሽስ?» አለኝ።

«አርፋለች» አልኩት።

ደክሟት ጋደም ብላለች ማለቴ ነው። እሱ ግን ትልልቅ ሰዎች ስለ ሙት ሲያወሩ በሚሉት ትርጉም ሰማው። ካርዱን ራሱ ሞላው፤ በዐረብኛ ሞታለች ብሎ ጽፎ ፈረመ። እስከዚህ ድረስ ጥፋቱ የኔም ነው፣ የአማርኛም ነው። በዚህ አልከሰውም።

በማግስቱ እናቴ ትከሻዬን ተደግፋ ራሷ ጠረጴዛው ፊት ቆመች። ቀና ብሎ ከእግሯ እስከ ራሷ አያት። «እመይቴ፣ እዚህ ላይ ሞተዋል ይላል። የተጻፈ አይፋቅም፣ ኸላስ፣ አለቀ» ብሎ ቀጣዩን ሰው ጠራ።

እናቴ ቀልድ መስሏት ሳቀች። «አዬ ልጄ፣ ሙት ይርበዋል እንዴ?» አለችው። 

የአንድ ሰው ማሽላና ዘይት ለሁለት ተካፈልን። ተካፈልን ማለት አጉል ነው፤ እሷ ጠግቤያለሁ እያለች ትገፋልኝ ነበር፣ እኔም ልጅ ነኝና አምኜ እበላ ነበር። ክረምቱ ሲገባ ሞተች። ለሙት የሚሰጠውን አቡጀዲ ልቀበል ስሄድ ያው ሰው ካርዴን አገላብጦ «ወስደሻል» አለኝ። ባለችው ነጠላ ጠቀለልናት። የነጠላዋ ግማሽ ለቁስሌ ማሰሪያ ተቀድዶ ስለነበር እግሯ ሳይሸፈን ተቀበረች።

ገዳሪፍ አደግሁ፣ ዐረብኛ ማንበብና መጻፍ ተማርኩ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ብዙ ዓመት ሠራሁ። የድሮዎቹን የስደተኛ ካርዶች ወደ ኮምፒውተር የሚያስገቡ ሰዎች ሁለቱንም ቋንቋ የምታነብ ሠራተኛ ይፈልጋሉ ሲባል ሰማሁና ሮጬ ሄድኩ። ከምስጥ የተረፈውን ካርድ አቧራውን እያራገፍን በስካነር እናነሳለን፣ ከዚያ በሥሩ ምን እንደሆነ እንጽፋለን። አለቃችን እዚሁ የተወለደች፣ ካርቱም የተማረች የመዝገብ ባለሙያ ነበረች፤ ልጄ ብትሆን የምትደርስ። እኔ ከሺህ ካርድ አንዱን ብቻ፣ ከመቀበያው ስወጣ ያስረከብኩትን፣ ፍለጋ እንደመጣሁ ለማንም አልተናገርኩም።

በሦስተኛው ወር አገኘሁት። የፊቱን ጽሑፍ አውቀዋለሁ። ጀርባውን ግን አንብቤው አላውቅም ነበር። «መገነዣ ጨርቅ ተሰጥቷል» ይላል፤ ፊርማው የአስተርጓሚው፣ ቀኑ እኔ የተመዘገብኩበት ያው ቀን። ያን ቀን ከሰልፉ የወጣሁት ካርድ ብቻ ይዤ ነው። እናቴ በማግስቱ ፊቱ ስትቆም ጨርቋን እሱ በስሟ ወስዶ ጨርሷል ማለት ነው። ካርዱን ለምን ማረም እንደማይችል ያን ጊዜ ገባኝ።

«ሞታለች» የሚለውን ኮምፒውተሩ ላይ አጥፍቼ «በሕይወት ነበረች» ብዬ መጻፍ ስጀምር አለቃዬ ከኋላዬ አየችኝ።

«ላ፣ ኻልቲ! ተይ አክስቴ፣ እሱን አትንኪው።»

«ውሸት ነው!»

«ውሸት ይሁን። መዝገብ እውነቱን አይደለም የሚነግርሽ፤ ያን ቀን ማን ምን እንዳደረገ ነው። ብትሰርዢው ጥፋቱን ነው የምትሰርዢለት። ከጎኑ ጻፊ። ማን እንደጻፈ፣ መቼ እንደጻፈ ማሽኑ ይይዘዋል።»

መጀመሪያ ተናደድኩባት፤ የተጻፈ አይፋቅም የሚለውን ቃል እንደገና የሰማሁ መሰለኝ። ሳድር ግን ነገሩ ጣፈጠኝ። ድሮ በምላጭ ፍቆ አዲስ መጻፍ ይቻላል፣ ወረቀቱን ማቃጠልም ይቻላል። አሁን ቅጂው ካርቱምም ሌላ አገርም ተቀምጧል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ከነልጆቹ ይውረሰው አልኩ። የሆነውን ሁሉ ከጎኑ ጻፍኩ። የፈራሚውንም ስም ከነአባቱ አስገባሁ፤ ስሙን የሚፈልግ ሁሉ መጀመሪያ ያንን ካርድ እንዲያገኝ።

ዓመት ሳይሞላ ራሱ መጣ። አርጅቶ፣ ከዘራ ይዞ፣ ፋው ከምትባል ከተማ በአውቶቡስ። ልጆቹ ውጭ አገር ሊወስዱት ጉዳይ ጀምረውለት፣ በዚያ ዘመን መቀበያው ውስጥ እንደነበረ የሚያሳይ ማስረጃ አምጣ ተብሏል። ስሙን ሲነግረኝ ቀና ብዬ አየሁት። እሱ አላወቀኝም።

«ልጄ፣ አንድ ወረቃ ብታፈላልጊልኝ፣ አላህም እግዜርም ይስጥሽ።»

የፈረመባቸው ካርዶች ብዙ ነበሩ። ያንን መረጥኩ። ፊቱንም ጀርባውንም፣ የጻፍኩትንም አትሜ፣ የቢሮውን ማኅተም መትቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ አነበበ። ጨርሶ እንደገና ከላይ ጀመረ።

«ሌላ የለም?» አለኝ ድምፁ ወርዶ።

«የለም» አልኩ። ዋሸሁ። የመዝገብ ሰው እንዲህ አይዋሽም፣ አውቃለሁ።

መነጽሩን አወለቀና፣ «ሴትዮዋን ቆማ አይቻታለሁ» አለ። «ጨርቁን ግን ካርዱን የሞላሁ ዕለት ማታ ሾዋክ ሸጬው ነበር። ባርመው ይዙኛል ብዬ ፈራሁ።»

ስልኬን አወጣሁና መቅጃውን ከፍቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። አለቃዬ ድምፅም መዝገብ ነው ብላኛለች። «ድገመው» አልኩት፤ አንቱ ማለቱ ከአፌ አልወጣልኝም። «ስምህን ተናገርና ድገመው። ከዚያ ሌላ ካርድ እፈልግልሃለሁ።»

ስሙን ተናግሮ ደገመው፤ በደንብ ተቀድቷል። ለመጠንቀቅ ብዬ አንድ ጊዜ ደግሞ አስደገምኩት፤ እሱም ጥርት ብሎ ወጣ። እያለቀሰ ለሦስተኛ ጊዜ ያስደገምኩት ግን ለመዝገቡ አልነበረም።