ጋሼ ተፈራ ኮለምበስን ያስጎበኙበት ቅዳሜ

የጉዞው መነሻ አንድ ጥያቄ ነበር። ጊዜው በፈረንጆቹ 2022 የበጋ ወራት ነው። ታላቅ ወንድሜ ጋሼ ተፈራ ከአዲስ አበባ ሊጠይቁን መጥተው ከኮለምበስ ከተማ ዳር ዌስተርቪል ያለው ቤታችን ሰባተኛ ሳምንታቸውን ይዘዋል። አንድ ቀን ከሥራ ስገባ፣ “ለመሆኑ ይህ የምትኖርበት ከተማ ምን ዓይነት ከተማ ነው?” አሉኝ። አሥራ አራት ዓመት ኖሬበታለሁ። ኒው አልባኒ ያለውን የምሠራበትን መጋዘን አውቃለሁ፤ ቤተ ክርስቲያናችንን፣ ኤርፖርቱንና ፖላሪስ ያሉትን ሱቆች አውቃለሁ። መሀል ከተማው፣ ዳውንታውን፣ የሄድኩት ግን አንዴ ለዜግነት መሐላ፣ አንዴ ለትራፊክ ቅጣት ነው።

ጋሼ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ልማዳቸው ነው። ሠላሳ ዓመት የሠሩት አስጎብኚነት ነው፤ ላሊበላንና ጎንደርን ለስንት አገር ሰው አሳይተዋል። መጀመሪያ ወረርሽኙ፣ ከዚያ ጦርነቱ እንግዳውን አስቀረውና ሥራ ፈቱ። እኔና ባለቤቴ ሰናይት “እዚሁ ይቅሩ፤ የመኖሪያ ወረቀትዎ እስኪስተካከል አብረን እንኖራለን፤ ከዚያ መጋዘኑ ይቀጥርዎታል” እያልን ስንወተውታቸው ከርመናል። እሺም እምቢም አላሉም። ጠዋት ሁላችን ስንወጣ እሳቸው ሶፋው ላይ ይቀራሉ፤ ከሰፈራችን ያለ መኪና የትም አይደረስም። ልጃችን ሊያ ከበጋ ትምህርቷ ስትመጣ በአማርኛ ያናግሯታል፤ እሷ በእንግሊዝኛ ትመልስላቸዋለች።

ኢንተርኔት ላይ ሳፈላልግ በኤሌክትሪክ ስኩተር የሚደረግ የሁለት ሰዓት ተኩል ጉብኝት አገኘሁና ለሁለታችን ቡክ አደረግሁ፤ በሰው አርባ አምስት ዶላር። ጋሼ “በስድሳ አንድ ዓመቴ በልጆች መጫወቻ?” ብለው ሳቁ። ቅዳሜ ጠዋት ግን ከእኔ ቀድመው ለብሰው በር ላይ ጠበቁኝ።

ስቴትሃውስ ፊት ለፊት

አይ-71 የሚባለውን ሀይዌይ ይዤ ሃያ ደቂቃ ያህል ነዳሁና ስቴትሃውስ ከሚሉት ከግዛቱ ምክር ቤት ሥር ያለው የመኪና ማቆሚያ ፓርክ አደረግሁ። ሌሊቱን ዘንቦ ስለነበር ሰማዩ ቢጠራም መንገዱ ገና አልደረቀም። አስጎብኚያችን ኬሊ የምትባል ሠላሳ ዓመት ያልሞላት፣ ፊቷ ላይ ጠቃጠቆ ያለባት ሴት ናት። ከእኛ ሌላ ከኬንታኪ የመጡ ጡረተኛ ባልና ሚስት ነበሩ፤ ሬይና ዶና ይባላሉ።

ስኩተሩ ልጆች በአንድ እግር እየገፉ የሚሄዱበት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱ መሪው ላይ ያለውን ቁልፍ በአውራ ጣት ሲጫኑት ባትሪው ራሱ መውሰዱ ነው። ኬሊ ሄልሜት አደለችንና መኪና በሌለበት አሥር ደቂቃ አለማመደችን። እኔ ሁለት ጊዜ ልወድቅ ደርሼ ነበር። ጋሼ ዞር ዞር አሉበትና “ከላሊበላ በቅሎ ይሻላል፤ ቢያንስ አይራገጥም” አሉ።

ምክር ቤቱ ግራጫ ድንጋይ፣ ወፋፍራም ዓምዶች ያሉት ሕንፃ ነው። ዓይን አናቱ ላይ ጉልላት ይጠብቃል፤ ያለው ግን እንደ ከበሮ የተቀመጠ ጠፍጣፋ ክብ ነው። ኬሊ በስኩተር ዙሪያውን ስታዞረን ታሪኩን በቃሏ አንበለበለችው። ጋሼ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው፣ “ጎበዝ ናት። ግን እየነዳች ዞራ ታወራለች፤ ይሄ ጥሩ አይደለም” አሉኝ። ቀጥሎ ማዘጋጃ ቤቱ ጋ የኮለምበስ ሐውልት ቆሞበት የነበረውን ባዶ ስፍራ አሳየችን። በ2020 በፀረ ዘረኝነት ሰልፎቹ ጊዜ ተነሥቷል፤ ከተማዋ ስሙን ይዛ ቀርታለች። ሬይ ራሱን ነቀነቀ።

የጡብ መንገድ

ሀይዌዩን ወደ ደቡብ ተሻግረን ጀርመን ቪሌጅ ገባን። ድሮ የጀርመን ስደተኞች የሠሩት ሰፈር ነው፤ ቤቱም፣ የእግር መንገዱም፣ የመኪና መንገዱም ቀይ ጡብ ነው። ከአንድ ዳቦ ቤት ጨው የተነሰነሰበት ጥምዝ ዳቦ በስድስት ዶላር ገዝቼ ከጋሼ ጋር ተካፈልን። ጋሼ አንዱን መስኮት ከአንዱ እያስተያዩ በሰባት ሳምንት ውስጥ ካወሩት የበለጠ አወሩ።

ከዚያ ስንነሣ ኬሊ እየነዳች ወደ እኛ ዞራ ስለ አንድ ቤት ማውራት ጀመረች። የፊት ጎማዋ በረጠቡት ጡቦች መካከል ያለ ክፍተት ውስጥ ገባ። ስኩተሩ ቆመ፤ እሷ አልቆመችም። በእጇ ነው ያረፈችው።

ዶና ጡረታ ከመውጣቷ በፊት ነርስ ነበረች። ስኩተሯን ጥላ ተንበረከከችና የኬሊን የእጅ አንጓ አይታ “ይህ ራጅ ይፈልጋል” አለች። ኬሊ ፊቷ አመድ መስሎ አሠሪዋን ኮል አደረገችው። መኪና ለእሷ እንደሚመጣ፣ ሌላ አስጎብኚ ግን እንደሌለ ነገራት። ስልኩን ስትዘጋ እንባዋ መጣ። “ከጀመርኩ ሁለተኛ ሳምንቴ ነው። መንገዱ ላይ ጥያችሁ መሄዴ ነው” አለች።

ጋሼ አጠገቧ ተቀመጡ። እንግሊዝኛቸው ቀስ ያለና የጠራ ነው። “ልጄ፣ እኔ ጎንደር ላይ አሥራ ሁለት ጣሊያኖች ይዤ ከደረጃ ወድቄ አውቃለሁ። እነሱ ናቸው ተሸክመው ያወረዱኝ። እንግዶችሽን እኔ አደርሳቸዋለሁ፤ አሁን የቀረውን መንገድ ንገሪኝ።” እሷም በደህና እጇ ስልኳ ላይ ያለውን ካርታ እያሳየች ነገረቻቸው፤ በወንዙ ዳር ወደ ሰሜን፣ ድልድዩ፣ ከዚያ ምክር ቤቱ። መኪናው መጥቶ ከነስኩተሯ እስኪወስዳት ድረስ ማናችንም አልተንቀሳቀስንም።

ወንዙ ዳር

ከዚያ በኋላ ያየኋቸው ጋሼ ለእኔ አዲስ ሰው ነበሩ። ሥራ ላይ አይቻቸው አላውቅም። ዶናን ቀስ ብላ ስለምትነዳ ከኋላቸው አስከተሏት፣ ሬይን ቀጥሎ፣ እኔን ጭራ አደረጉኝ። “አንተ ሰው እንዳይቀር ብቻ ተመልከት” አሉኝ። በየመታጠፊያው ይቆማሉ፣ እስክንሰበሰብ ይጠብቃሉ፣ መናገር የሚጀምሩት ሁላችን እግራችን መሬት ሲነካ ነው።

ሳዮቶ ወንዝ ዳር ስንደርስ ከስኩተሩ ወርደው፣ “እኔ እዚህ ስመጣ የመጀመሪያዬ ነው፤ የማላውቀውን አልነግራችሁም። ግን አብረን እናያለን” አሉን። ፊት ለፊታችን ያለው ድልድይ አንድ ብቻ የብረት ቅስት አለው፤ እሱም ቀጥ ብሎ አልቆመም፣ ወደ ጎን አዘንብሏል። ጋሼ “ለምን አይወድቅም?” ብለው ጠየቁ። ሬይ ጠዋቱን ሙሉ አሥር ቃል አልተናገረም ነበር፤ ለካ ዕድሜውን ሙሉ ብረት በያጅ ኖሯል። ገመዶቹን በጣቱ እያሳየ፣ ክብደቱ ከየት ወደ የት እንደሚሄድ አስረዳን። ዶና ባሏን አፍጥጣ እያየች “አርባ ዓመት ስንኖር ይህን ነግሮኝ አያውቅም” አለች።

ምክር ቤቱ ደርሰን ስኩተሮቹን ስንመልስ ሬይ የጋሼን እጅ ጨብጦ ብዙ ቆየ። ኬሊ በማግስቱ አጥንቷ መሰንጠቁንና በጄሶ እንደታሰረላት በኢሜል ጽፋልናለች።

ቤት

ሰናይት ምሳ አቅርባ ጠበቀችን። ገና እጃችንን ሳንታጠብ ጋሼ፣ “በመስከረም እመለሳለሁ” አሉ።

“ጋሼ፣ እዚያ እኮ ሥራ የለም” አልኳቸው። “ቱሪስት የለም።”

“ቱሪስት የለም፤ ሰው ግን አለ። የፋሲልን ግንብ በፎቶ ብቻ የሚያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ ስንት ነው? ልክ እንዳንተ የሚኖርበትን አገር ያላየ። ከእሱ እጀምራለሁ። መንገዱ ሰላም እስኪሆን ደግሞ አዲስ አበባን ራሷን አሳየዋለሁ።”

ሰናይት እኔን አየችኝ። ልከራከር አፌን ከፍቼ ነበር። ቅር አለኝ፤ ይቀራሉ ብዬ ምድር ቤት ያለውን ክፍል መቀባት ጀምሬ ነበር። ነገር ግን ሰባት ሳምንት ሙሉ ልረዳቸው ስጣደፍ፣ ምን መሥራት እንደሚችሉ አንድም ቀን አለመጠየቄን ያን ጊዜ አወቅሁት። “እሺ ጋሼ” ብቻ አልኩ።

ሰኞ መጋዘን ስገባ ለወንድሜ የሥራ ቦታ እንዲያስብልኝ ቀደም ብዬ የለመንኩትን ሱፐርቫይዘር አገኘሁትና እንዲተወው ነገርኩት። ምን ሆኖ ነው ብሎ ጠየቀኝ።

“ሥራ አላቸው” አልኩት።