ዋንዛው ላይ የተንጠለጠለው ካክተስ

ለባዮሎጂ መምህርነት ሚዛን ተፈሪ ስመደብ፣ አዲስ አበባ ከአንድ ችግኝ ሻጭ የገዛኋትን ካክተስ በድልህ ጣሳ ተክዬ፣ አውቶቡስ ውስጥ ጭኔ ላይ ይዣት ሄድኩ። ቡጢ የምታክል ድብልብል ነበረች፤ ዙሪያዋን እሾህ ለብሳለች። አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ እስከ ጅማ ድረስ ቀሚሳቸውን ሲሰበስቡ ነው የከረሙት።

ዕፅዋት በቤተሰብ፣ በወገንና በዝርያ እንዴት እንደሚመደቡ የማስተምርበት ሳምንት ሲደርስ ጣሳዬን ይዤ ክፍል ገባሁ። ከፊት የተቀመጠች ተማሪ እጇን አወጣች።

"ቲቸር፣ ቁልቋል ማለት ይሄ ነው?"

"አዎ፣ ቁልቋልም ከካክተስ ቤተሰብ ነው" አልኳት፣ ምንም ሳላመነታ።

በእረፍት ሰዓት የግብርናው መምህር ጠሩኝ። የቤንች ተወላጅ፣ ጡረታቸው የተቃረበ፣ ረጋ ያሉ ሰው ናቸው፤ ሁላችንም "ጋሼ" ነበር የምንላቸው። የእሳቸው ክፍል ከእኔ ክፍል የሚለየው በስስ ጣውላ ብቻ ስለሆነ የተናገርኩትን ሁሉ ሰምተዋል።

"ልጄ፣ ቁልቋል ሲቆረጥ ነጭ ወተት ይወጣዋል። ያንቺስ?"

"አይቼ አላውቅም፣ ጋሼ።"

ከኮታቸው ላይ መርፌ ቁልፍ ነቅለው ሰጡኝ። ወጋኋት። የወጣው እንደ ውሃ የጠራ ጠብታ ነው።

"እሾኋንም ተመልከች። ጥጥ ከመሰለች ነቁጥ ላይ ተሰብስቦ ነው የበቀለው። የቁልቋል ጥንድ ጥንድ ነው። ተመሳሰሉ እንጂ ዘመድ አይደሉም።"

በማግስቱ ስህተቴን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። አስተማሪ ሲሳሳት ማየት እንዲያ ደስ ይላል! እኔም ክብሬን ለማስመለስ ቸኩዬ፣ "ካክተስ የአሜሪካ ምድር ተክል ነው፤ የሰሜኑ በለስ እንኳ ከዚያ የመጣ ነው። በአፍሪካ ጫካ በራሱ የበቀለ ካክተስ የለም" አልኩ።

ጋሼ ይህንንም ሰሙ። ለቅዳሜም ቡና ማሳቸው ጋበዙኝ።

ማሳው በቴፒ መንገድ ነው። ለቡናው ጥላ ከሆነ ትልቅ ዋንዛ ቅርንጫፍ ላይ ቀጫጭን አረንጓዴ ገመዶች ተንጠልጥለዋል። ቅጠል የላቸውም፣ እሾህ የላቸውም፤ ጨሌ የመሰሉ ነጫጭ ፍሬዎችና ጥቃቅን አበቦች ብቻ።

"ዕድሜዬን ሙሉ አየዋለሁ፤ ወገኑን ግን አላውቅም። እስቲ ንገሪኝ" አሉ።

ሐረግ ነው ልል አፌን ከፈትኩና ተውኩት። በአጉሊ መነጽር ሳየው ግንዱ ላይ ጥጥ መሳይ ነቁጦች አሉ። ካክተስ ይሆን እንዴ? ግን አንዴ መሳሳት ይበቃኛል ብዬ፣ አበባና ፍሬ የያዘ ቅንጣቢ ደብተር ውስጥ አድርቄ ለዩኒቨርሲቲ አስተማሪዬ በፖስታ ላክሁ።

መልሱን ስጠብቅ ክረምቱ ገባ። የሚዛን ዝናብ ለበረሃ ተክል ምሕረት የለውም፤ የጣሳዋ ካክተሴ ከሥሯ በሰበሰች። አልዋሽም፣ አዝኛለሁ።

ደብዳቤው የደረሰኝ ትምህርት እንደገና ሲጀመር ነው። "የእሾሁ መጥፋት አያሳስትሽ፤ ካክተስ የሚለየው በአበባው ነው። ይህ የካክተስ ቤተሰብ ነው፤ ወገኑ ግን በረሃ ሳይሆን ዛፍ ላይ መኖር የለመደ። በአፍሪካ ጫካ ሰው ሳይተክለው የሚገኘው ካክተስ እሱ ብቻ ነው" ይላል።

እየሮጥኩ ጋሼ ክፍል ገባሁ። ሁለት ጊዜ አነበቡት። መነጽራቸውን አወለቁና፣ "እኔ ማሳ ላይ?" አሉ። ተማሪዎቻቸው ፊት እንደ ሕፃን ሳቁ።

በቀጣዩ ቅዳሜ ተማሪዎቼን ሁሉ ይዘን ሄድን። ገና ሳንደርስ ዝናብ ያዘንና የሙዝ ቅጠል እየተጠለልን ዋንዛው ሥር ተሰበሰብን። ለማስረዳት የተዘጋጀሁት እኔ ነበርኩ። ጋሼ ግን ስለ ነቁጡ፣ ስለ አበባው፣ ፍሬውን በልተው ዘሩን ከዛፍ ዛፍ ስለሚያደርሱት ወፎች ሲያወሩ ማን ያስቁማቸው! እኔ ባለቤታቸው በሰፌድ ያቀረቡልኝን ትኩስ የተቀቀለ ጎደሬ እየላጥኩ፣ ከተማሪዎቹ መሃል ቁጭ ብዬ አዳመጥኩ።