ከጓንዡ ቦሌ ስንት ሰዓት ነው?

ረጅም በረራ ያሰለቻል ይባላል። አያሰለችም፤ ያጥራል። ይህን ያወቅሁት አምና ከቻይና፣ ከጓንዡ ወደ ቦሌ ስመለስ ነው። ከዚያ ወዲህ አውሮፕላን ውስጥ ተረጋግቼ መቀመጥ አቅቶኛል።

አጠገቤ የተቀመጠችው ሐና የምትባል ነጋዴ ነበረች። ቦሌ ሚካኤል የጫማ ሱቅ አላት። ገና ቀበቶ ሳናስር፣ «ጋሼ፣ ስንት ሰዓት ነው የምንበረው?» አለችኝ።

እኔ ደግሞ አንዴ ከተጠየቅሁ አላርፍም። ስምንት ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ አሥር ሰዓት ያህል ይፈጃል አልኳት። ነፋሱ ፊት ለፊት ስለሚመጣ መመለሻው ከመሄጃው ይረዝማል ብዬም ማንም ያልጠየቀኝን ትምህርት ጨመርኩበት።

«ይርዘም» አለች።

ምግብ መጣ፤ አልነካችውም። ፊቷ ያለው ስክሪን ላይ ትንሿ አውሮፕላን በካርታው ላይ ትሳባለች። ሐና ታጠፋዋለች፣ መልሳ ትከፍተዋለች። የቸኮለች መስሎኝ፣ «ሕንድን አለፍን እኮ፣ ግማሹን ጨርሰናል» አልኳት። ባሕሩ ላይ ስንደርስም፣ «ከእንግዲህማ ቤትሽ ገባሽ በይው።»

«ጋሼ፣ በእግዜር ይዤዎታለሁ፣ ዝም ይበሉ።»

ስክሪኑን አጥፍታ ራሷ ጀመረች።

«ወንድሜ ደውሎ፣ አባባን ትንሽ አሞታል፣ ዕቃሽን እዚያው ጥለሽ ነይ አለኝ። እሱም ነጋዴ ነው። ነጋዴ ለጉንፋን ዕቃሽን ጥለሽ ነይ አይልም።»

መርዶን በስልክ አለመንገራችንን ስነቅፍ የኖርኩ ሰው ነኝ። ሰውን «ትንሽ አሞታል» እያሉ ባሕር ማሻገር ጭካኔ ነው እያልኩ ብዙ ተከራክሬያለሁ። እዚያ ወንበር ላይ ግን ክርክሬ ጠፋብኝ።

«ታዲያ ቁርጡን ለምን አልጠየቅሽውም?» አልኳት።

«ለምን እጠይቃለሁ? እስክንወርድ ድረስ አባቴ ትንሽ ያመመው ሰው ነው።»

ስንወርድ ሻንጣዋን እየገፋሁ አብሬያት ወጣሁ። አጎቷና ወንድሟ ውጭ ቆመው ይጠብቋታል። አጎትየው ጢሙን አልተላጨም። ወንድሟ በጥቁር ሸሚዙ ላይ ቀይ ጃኬት ደርቧል፤ ጃኬቱ የሴት ነው።

«አባባስ?» አለች።

«ተሽሎታል» አለ አጎቷ። «ዛሬ ደክሞሻል፣ እረፊ። ነገ እንወስድሻለን። ጉዞው ረዘመብሽ?»

«ኧረ ቶሎ ደረስን።»

ነገ ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤት ተሰብስቦ ሊያረዳት ነው። እሷም ታውቃለች። ሻንጣዋን ስትቀበለኝ እንዳያስነቁብኝ በሚል ዓይን አየችኝ፤ ከዚያ የወንድሟን ጃኬት ቁልፍ እስከ አንገቱ ድረስ ቆለፈችለት። እሱ ፊቱን አዞረ።

አሁንም መርዶ በስልክ ይነገር ባይ ነኝ፤ እንደ ድሮው ግን ድምፄን ከፍ አድርጌ አልከራከርም። አብራሪው የቀረንን ሰዓት በተናገረ ቁጥር እግሬ አርፎ አይቀመጥም።

እናንተን አንድ ነገር ልለምናችሁ። አጠገባችሁ ያለው ተሳፋሪ ምግቡን ካልነካ፣ ስንት ሰዓት እንደቀረው አትንገሩት።