የቤቱ ኢሜይል

በአክስቴ ቤት ለአንድ ሰው የተጻፈ ደብዳቤ የሁሉም ነው። ከአዲስ አበባ ፖስታ ሲመጣ ምሳ ላይ ጮክ ተብሎ ይነበባል፤ ማን እንደታመመ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን ከማን እንደተጣላ ሁላችንም እኩል እንሰማለን። ኢሜይል የሚባል ነገር ሲመጣም ወጉ አልተቀየረም። ናይሮቢ፣ ኪሊማኒ ሰፈር ያለው የአክስቴ ምግብ ቤት የድግስ ትእዛዝ የሚቀበልበት አንድ ኢሜይል ነበረው። እኔ ከአዲስ አበባ መጥቼ ዩኒቨርሲቲ ስመዘገብ ኢሜይል ሲሉኝ የራሴ ስላልነበረኝ ያንኑ ሰጠሁ። የይለፍ ቃሉን የምታውቀው ናይሮቢ ተወልዳ ያደገችው የአክስቴ ልጅ ብቻ ናት። ቅዳሜ ምሳ ላይ የሳምንቱን ሁሉ ከቤቱ ኮምፒዩተር ላይ እሷ ታነባለች፣ እኛ እንበላለን። የፈተና ውጤቴን እንኳ የሰማሁት እየጎረስኩ ነው።

ይህ ነገር ግድ ሰጥቶኝ አያውቅም ነበር፤ አካውንቲንግ ትቼ ወደ ጂኦሎጂ ለመዛወር እስካመለክት ድረስ። የፋኩልቲው ጸሐፊ ወረቀቴን ተቀብላ «መልሱ በኢሜይል ይደርስሻል» ስትለኝ ሳቄ ሁሉ ጠፋ። አባቴ በዚያው ሳምንት ለንግድ ሥራው ናይሮቢ ይመጣል። አካውንቲንግ ያስገባኝ እሱ ነው፤ «ልጄ አካውንታንት ልትሆንልኝ ነው» ብሎ ያልነገረው ሰው የለም። አባቴ ኪሳራ ይችላል፣ ሕመም ይችላል፤ የማይችለው በሰው ፊት መደንገጥ ነው። እኔ ደግሞ ብቻውን አግኝቼው በገዛ አፌ ልነግረው ነበር የፈለግሁት። መልሱ ቀድሞኝ ከመጣ ግን ቅዳሜ ማዕድ ላይ፣ እንግዳ ባለበት፣ ከአክስቴ ልጅ አፍ ሊሰማው ነው። የይለፍ ቃሉን ለምኜ እንዳልከፍተው፣ ለዚያች ልጅ ምስጢር መንገር ለሬዲዮ መንገር ነው።

ስለዚህ አድራሻውን መቀየር አለብኝ አልኩ። ቀላል መስሎኝ!

የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ አገልግሎት ዌብሳይት ነበረው፤ ዌብሳይት ከተባለ። ሐሙስ ከክፍል ቀርቼ የኮምፒዩተር ላብራቶሪው ውስጥ ተሰለፍኩ። ተራዬ ደርሶ ገጹ እስኪከፈት ጥፍሬን ጨረስኩት። መጀመሪያ ብቅ ያለው አንድ ትልቅ ሰውዬ አዲስ ላብራቶሪ ሲመርቅ ሪባን የሚቆርጥበት ፎቶ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ቀስ እያለ፣ መጀመሪያ ራሱ፣ ከዚያ ክራቫቱ፣ ከዚያ መቀሱ። ይመርቅ፣ እኔን ምን አገባኝ! በመፈለጊያው ሳጥን «ኢሜይል መቀየር» ብዬ በእንግሊዝኛ ጻፍኩ። የመጣልኝ ፕሪንተር ስለመግጠም ነው። «አድራሻ» ብዬ ጻፍኩ፤ ድሮ ያለፈ የሰርቨር ጥገና ማስታወቂያ መጣ። «የተማሪ መረጃ» አልኩ፤ ቫይረስ ተጠንቀቁ አለኝ። በስተግራ ያለውን ዝርዝር አንድ በአንድ ነካሁት፤ አንዱ ሌላውን ይከፍታል፣ ያኛው ሌላ ይከፍታል፣ የመጨረሻው መልሶ ሪባን ቆራጩ ሰውዬ ጋ ይጥለኛል። እኔ ደግሞ ተፈጥሮዬ ነው፣ መጠበቅ አልችልም፤ ቁጭ ብዬ እነሳለሁ፣ ተነስቼ እቀመጣለሁ። ከኋላዬ የተሰለፈው ልጅ «ዳዳ፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?» አለኝ፤ ዳዳ እህቴ ማለታቸው ነው። ሲያምርህ ይቅር አልኩ በሆዴ፤ ወንበሩን አልለቅም።

ወደ እርዳታ መስኮቱ ሄድኩ። መስኮቱ ውስጥ ያለው ሰው ሻዩን እያማሰለ፣ ቀና ሳይል፣ «ሁሉም ዌብሳይቱ ላይ አለ» አለ።

«ዌብሳይቱ ላይ ምንም የለም!»

«ፖሌ ሳና፣ ዳዳ፤ በጣም አዝናለሁ። እንግዲያው ጥያቄሽን በዌብሳይቱ አቅርቢ።»

ደሜ ፈላ። በአማርኛ የምችለውን ያህል ተሳደብኩና በስዋሂሊ አመስግኜው ወጣሁ።

አባቴ አርብ ገባ። እራት ላይ እነግረዋለሁ ብዬ ስቁነጠነጥ፣ የመንገድ ድካም አለበት ብላ አክስቴ ቶሎ አስተኛችው። ቅዳሜ ጠዋት እነግረዋለሁ ብዬ ስነሳ ወደ ኢስትሊ ሰፈር ሄዷል፤ እዚያ የሚነግዱ ሁለት የድሮ ወዳጆቹን ለምሳ ሊያመጣ። አክስቴ እነሱ ሙስሊሞች ስለሆኑ ሁሉም ከአንድ ማዕድ እንዲቆርስ ሥጋውን ትታ ዓሣና ሽሮ እያዘጋጀች ነበር። ከዩኒቨርሲቲ መልስ ይምጣ አይምጣ አላውቅም። አላስችል አለኝ። «መጣሁ» ብዬ ማታቱ የሚሉት ታክሲ ላይ ዘልዬ መሃል ከተማ ካለ ኢንተርኔት ቤት ገባሁ።

እዚያ ትንሽ ፈጠን ይላል። ሐሙስ ያልነካሁት አንድ ቦታ ነበር፣ ከገጹ ሥር፣ ጉንዳን በሚያህል ፊደል የተጻፈ። ነካሁት። «የመገናኛ መረጃዎን ያስተካክሉ» የሚል ገጽ ተከፈተ። እልል ልል ምንም አልቀረኝም! አዲስ የከፈትኩትን የራሴን ኢሜይል ጻፍኩ፣ አሮጌው ይሰረዝ በሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ፣ የቀረውን ጽሑፍ ሳላነብ ተጫንኩት።

ከዚያ በኋላ ነው ያነበብኩት። «ለደህንነትዎ ሲባል ማረጋገጫ ወደ ቀድሞው አድራሻ ልከናል» ይላል።

የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች። እኔ ግን የምለቅመውም አልነበረኝም። በገዛ ጣቴ፣ በቅዳሜ ጠዋት፣ ለአክስቴ ማዕድ ደብዳቤ ላክሁ። እግሬ አውጪኝ ብዬ ወጣሁ። ማታቱው ሰው እስኪሞላ አልነቃነቅ አለ፤ ወያላው ሰው ሲጠራ እኔም አብሬው «ኪሊማኒ! ኪሊማኒ!» እያልኩ ጮህኩ። ሰዉ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ስደርስ ማዕዱ ቀርቧል። አባቴ መሃል፣ ወዳጆቹ ግራና ቀኝ፣ አክስቴ ጎንበስ ብላ ወጥ ትጨምራለች። የአክስቴ ልጅ ኮምፒዩተሩ ጋ ተቀምጣ እያነበበች ነው።

«ዌይት፣ ይሄ ከካምፓስ ነው፣ የሷ ነው» አለች እኔን አይታ። ምራቄን እስክውጥ አልጠበቀችም። «ተማሪዋ ከዛሬ ጀምሮ ስለ እሷ ምንም ነገር ወደዚህ አድራሻ እንዳይላክ ጠይቃለች... ያን ብቻ ነው የሚለው።»

አክስቴ ጭልፋውን እንደያዘች ቀጥ ብላ ቆመች።

«ስለ እሷ ምንም እንዳንሰማ?»

ዓይኗን እኔ ላይ ተከለች።

«ምን አጎደልኩብሽ?» አለችኝ። ድምጿ ሲንቀጠቀጥ ሰምቼው አላውቅም ነበር። «ከልጄ ለየሁሽ? ክፉ ተናገርኩሽ?» ከዚያ ወደ አባቴ ዞረች። «ወንድሜ፣ እግዜር ያየኛል፣ ልጅህን እንደ ዓይኔ ብሌን ነው የያዝኳት።»

አባቴ እህቱን አያት። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ዕቃው ጎድሎ የመጣበት ነጋዴ አስተያየት ነው። እንግዶቹ አንገታቸውን ደፍተው ሽሮውን ያያሉ። ስለ ጂኦሎጂ ገና አንድም ቃል አልተነሳም። ዝም ብል ያ ቀን እንደዚያው ያልፍልኛል፤ ማታ አባቴን ለብቻው ይዤ እንዳሰብኩት እነግረዋለሁ። እስከዚያ ግን አክስቴ በወንድሟና በእንግዶቿ ፊት የወንድሟን ልጅ የበደለች ሴት ሆና ልትውል ነው። እኔን ከራሷ መኝታ ቤት ያስተኛችኝ ሴት!

«እትዬ ምንም አላጎደለችብኝም» አልኩ። «አባዬ፣ አካውንቲንግ ልተው አመልክቻለሁ። ጂኦሎጂ ልማር ነው። መልሱ እዚህ እንዳይነበብ ብዬ ነው አድራሻውን የቀየርኩት፤ ራሴ ልነግርህ ነበር።»

አክስቴ ጭልፋዋን ድስቱ ውስጥ ለቀቀችው። «ይኸው ነው? በሞትኩት! ድንጋይ ልትለቅሚ ነው?» አለች፤ ፊቷ ግን ተፈታ፤ ወንበር ስባ ተቀመጠች። አንደኛው እንግዳ «ልጅ አይደለች፣ ትታረማለች» ብለው ሊያለዝቡት ሞከሩ።

አባቴ አልተቆጣም። ጆሮዎቹ ግን ቀልተው ነበር። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ለእኔ ብቻ እንደሚናገር ሁሉ፣

«እህቴ ላይ የወደቀውን አነሳሽላት፤ ደግ አደረግሽ» አለ። «እኔ ላይ የወደቀውንስ ማን ያነሳልኛል?»

በላብ የራሰ ሸሚዜን እንደለበስኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር፤ ቁጭ በይ ያለኝ ሰው አልነበረም። አባቴ እንግዶቹን «ብሉ እንጂ» ብሎ እሱም በላ፤ ሰኞ እስኪሄድ ድረስ ጉዳዩን መልሶ አላነሳውም።

እኔም ማመልከቻዬን አልሳብኩም።