አርባ ላይ የቆመው መስታወት

የሰፈሩ ሰው ሁሉ ውሃልክ ይለዋል። እናቱ ያወጣችለትን ስም የምታስታውሰው እህቱ ብቻ ናት፤ እሷም የምታነሳው ስትቆጣ ነው። ቧንቧ ይዘረጋል፣ ታንከር ይገጥማል፣ የሚያፈስ ያጠብቃል። ሥራው እውነትም ልክ ነው። ችግሩ ልክ መሆኑን እሱም ማወቁ ነው። ሌላ ሰው የሠራውን ቧንቧ ሲያይ ዝም ብሎ ማለፍ አይሆንለትም። «ይሄን የሠራው ሰው ዐይኑን ጨፍኖ ነው እንዴ?» ይላል ጮክ ብሎ፤ ሰውም ይስቃል። አንዳንዴ ሠሪው ራሱ እዚያው ቆሞ ይሰማል። ለውሃልክ ይሄ ምኑም አልነበረም።

የእህቱ ባል የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው። ዝምተኛ ሰው ነው፤ መጠጥ ቤት አይሄድ፣ ካርታ አይጫወት፤ ትርፍ ጊዜውን የሚፈጀው ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ቆርቆሮ ክፍል ውስጥ ቢራ ሲጠምቅ ነው። አንድ ትልቅ የማይዝግ ብረት ድስት አለው። በድስቱ ውስጥ ስንት ሊትር እንዳለ የሚያውቀው ደግሞ በእንጨት ነበር። በቢላ ጥርስ ጥርስ ያወጣባትን ረጅም እንጨት ወደ ውስጥ ይሰዳል፣ የት ድረስ እንደረጠበች ያያል፣ በቃ።

ጡረታ ሊወጣ ሲል ለባልደረቦቹ ቃል ገባ። በሚሰናበትበት ቀን የገዛ እጁን ቢራ ሊያጠጣቸው። ዕድሜ ልካቸውን «ወሬው ነው እንጂ ቢራህን ማን አየው» እያሉ ሲያበሽቁት ኖረዋል። ስለዚህ ያቺ ጠመቃ እንደ ሌሎቹ አልነበረችም። ጥሩ ብቅል ፈልጎ አገኘ፤ ቢራው እስኪበስልም ሳምንታት ስለሚፈልግ ቢበላሽ ሌላ ለመጥመቅ ጊዜ አይኖረውም።

ውሃልክ ታዲያ እንጨቷን ያየው ይሄኔ ነው።

«ጋሼ፣ የአውቶቡሱንም ነዳጅ በእንጨት ነው የምትለካው?»

«ድሮማ አዎ» አለና ሾፌሩ ሳቀ።

«እንጨትህን ማገዶ አድርጋት። እኔ እያለሁልህ!»

ቅዳሜ ዕቃውን ተሸክሞ መጣ። ከድስቱ ሥር ሁለት ጣት ያህል ከፍ ብሎ በቡሊኖ ምልክት መታ፣ በትራፓኖ በሳ፣ ጠርዙን በሊማ አለሰለሰ። እንደ ክርን የታጠፈች የቧንቧ ቁራጭ በቀዳዳው አስገብቶ፣ ሙቀት የሚችል ጎማ ከውስጥም ከውጭም አድርጎ በዳዶ አጠበቃት። በእሷ ላይ ቀጭን የመስታወት ቱቦ በድስቱ ጎን ቀጥ አድርጎ አቆመ። ድስቱ ውስጥ ያለው ምን ያህል እንደሆነ በቱቦው ውስጥ ይታያል፤ ሲሞላ ይወጣል፣ ሲጎድል ይወርዳል። ውሃ በሊትር እየለካ እያፈሰሰ በመስታወቱ ላይ በቀይ ቀለም መስመር አሰመረ። አንዲት ጠብታ አላንጠባጠበም። እህቱ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ «ወንድሜ እኮ!» አለች። እሱም ደረቱን ነፋ።

የጠመቃው ቀን ሲደርስ ማንም ሳይጠራው መጣ። የብቅሉ ውሃ ድስቱን እስከ አርባ ሞላ፤ መስታወቱም አርባ አለ። ፈልቶ ሠላሳ ሲቀር እሳቱ ይጠፋል። ነገሩ ይሄው ነበር። በመሃል አንዲት ዝንብ መጥታ የቱቦው አፍ ላይ ዞር ዞር ማለት ጀመረች። ውሃልክ ሥራው ላይ ዝንብ መች ይወዳል? ከኪሱ የጎማ ቁራጭ አወጣ፣ በቢላው ጠርቦ ቡሽ አደረገና የቱቦውን አፍ ጥርቅም አድርጎ ዘጋው።

ለስላሳ በቀሰም የጠጣ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ የቀሰሙን ጫፍ በጣትህ ከዘጋኸው ውስጡ ያለው አይወርድም። ውሃልክም ያውቀዋል። ግን ሰው የገዛ እጁን ሲያደንቅ የሚያውቀውን ይረሳል።

ድስቱ ፈላ። ክዳኑን ገርበብ አድርገው ከመስታወቱ ፊት ተቀመጡ። መስታወቱ አርባ አለ። ቆይተው አዩ፤ አርባ። እንፋሎቱ ጣሪያውን ያንጠባጥበዋል፤ መስታወቱ ግን ንቅንቅ አላለም።

«ብዙ ፈላ እኮ፤ አንዴ በእንጨቷ ልየው?» አለ ሾፌሩ።

«ጋሼ ሙት! መስታወት እያለልህ እንጨት? አርባ ካለ አርባ ነው።»

ሾፌሩ ተነስቶ ነበር፤ ተመልሶ ተቀመጠ። ቆይቶ እንደገና ጠየቀ፤ ውሃልክ በሳቅ መለሰው። ሦስተኛ አልጠየቀም፤ ሰው ማስቀየም አይወድም።

የመረረው ሽታ ሲመጣ ሁለቱም ብድግ አሉ። ክዳኑ ሲነሳ ከሥር የቀረው እንደ ሬንጅ ወፍሮ፣ ጠቁሮ ድስቱን ይዟል። እህቱ «ምንድን ነው የሚሸተው?» እያለች ከኩሽና እየሮጠች መጣች።

ውሃልክ ሳያስብ አፉ ቀደመው። «እሳቱን አብዝቶት ነዋ! ስንቴ ነገርኩት!»

እሷ ራሷን ይዛ ወደ ድስቱ አጎነበሰች። ሾፌሩ ያን ጊዜ ቀስ ብሎ እጁን ዘረጋና ቡሹን ነቀለ። ቱቦው ውስጥ ያለው ከአርባ ቁልቁል ወርዶ ታች ገባ። ባዶ መስታወት ቀረ። ሁለቱ ተያዩ። ውሃልክ ክው አለ፤ ጆሮው ድረስ ጋለ።

ሾፌሩ ቡሹን የደንብ ልብሱ ኪስ ውስጥ ከተተው። «እውነቱን ነው» አላት ሚስቱን። «እሳቱን አበዛሁት።»

ያን ጊዜ «አይደለም» ማለት ይቻል ነበር። አንዲት ቃል ናት። ውሃልክ ግን ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ።

በመሰናበቻው ቀን ባልደረቦቹ የሱቅ ቢራ ጠጡ። እህቱ ደግሞ ጨዋታ አዋቂ ናት፤ ወንድሟ ያን የመሰለ መስታወት ገጥሞለት ባሏ ቢራውን እንዴት አድርጎ እንዳሳረረው አወራች። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። «ሞተርም ስታቃጥል ነው የኖርከው!» አለው አንዱ። ሾፌሩ አብሮ ሳቀ። ሌላው ደግሞ የውሃልክን ትከሻ መታ መታ አድርጎ «ለኔም እንደሱ ያለ ሥራልኝ» አለው። ውሃልክ መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ። «እሺ» አለ።

ከዚያ በኋላ እህቱ ቤት መሄድ ከበደው። ሥራ በዛብኝ ይላል። የሚያንጠባጥብ ቧንቧ ሲያይም መናገር ተወ፤ ሰዎች «ምን ነካው? አመመው እንዴ?» ተባባሉ። አላመመውም። ያፍር ነበር፣ በቃ። ሰው ሲያፍር የሚያየው ቢኖር ይቀለዋል፤ የእሱን ግን የሚያውቅለት ያው እሱ ራሱ የበደለው ሰው ብቻ ነው።

አንድ እሁድ እህቱ «ጠፋህ እኮ! ና ብያለሁ!» ብላ ጠራችው። ሊነግራት ቆርጦ ሄደ። በመንገድ ላይ ቃሉን ሁሉ አዘጋጀ። በቆርቆሮዋ ክፍል በር ሲገባ ሾፌሩን አዲስ ጠመቃ ላይ አገኘው። እንጨቷን ድስቱ ውስጥ ሰዶ ጥርሷን ይቆጥር ነበር። ውሃልክን ሲያይ ደነገጠና እንደ ሕፃን ልጅ ወደ ኋላው ደበቃት። «እ... መስታወቱን እያየሁ ነበር» አለ። መስታወቱ ተወልውሎ ያብረቀርቃል። አፉ ላይ ስስ ጨርቅ በክር ታስሯል፤ አየር ያስገባል፣ ዝንብ አያስገባም።

ውሃልክ አፉን ሊከፍት ሲል እህቱ የባሏን አሮጌ የደንብ ልብስ በክንዷ አንጠልጥላ ገባች። ለሰው ልትሰጠው ኪሱን እየፈተሸች ነው። የተጠረበውን ጎማ በመዳፏ ይዛ አሳየቻቸው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«የጠርሙስ ክዳን ይሆናል። ጣይው» አለ ሾፌሩ፣ ቀና ሳይል።

ወደ ወንድሟ ዞረች። «የቢላ ሥራ ነው እኮ። ያንተ ነው እንዴ?»

የመንገዱ ቃል ሁሉ አፉ ላይ ነበር። የራሱ የቢላ ጠረባ ከመዳፏ ላይ ቁልጭ ብሎ ይታየዋል።

«የኔ አይደለም» አለ።

ጎማውን ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ወረወረችው። ሾፌሩ ከዚያ ካረረው ወዲህ ከጠመቀው አንድ ብርጭቆ ቀዳና ለእሱ አቀበለው። «ወንድምሽ ይቅመስ መጀመሪያ» አለ፤ «መስታወቱ የሱ አይደል?»

ውሃልክ ቆሞ ጠጣ። ቢራው ጥሩ ነበር።

«እንዴት ነው?» አለችው እህቱ።

«ልክ ነው» አለ፤ ቀና ብሎ ማየት ግን አልቻለም።