መውጫ ያልተተወለት ውሃ

በ1999 ዓ.ም. ክረምት፣ የፍልሰታ ጾም ሊፈታ ጥቂት ሲቀረው የጀመረው ዝናብ ሳያባራ ሰነበተ። ከወገዳ ወደ ቆላው በሚወርደው ተዳፋት ላይ ያለው ገብሳችን ዛላ አውጥቶ ነበር። የቀረችን ማሳ እሷ ብቻ ነበረች። ሌላውን ጎርፍ የቆፈረው ቦረቦር በልቶት ነበር።

ባለቤቴ "ይህ ገብስ ከደረሰልን ዘንድሮ ሁመራ አልወርድም" ብሎኝ ነበር። በፊተኛው ዓመት ለሰሊጥ አጨዳ ወርዶ በወባ ተይዞ ነው የመጣው። በቃሬዛ አገቡልኝ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ተነሣ። ሁለተኛ እንዲሄድ ግን አልፈለግሁም። ስለዚህ በየቀኑ ወጥቼ ገብሱን አይ ነበር።

ከማሳችን በላይ በበጋው አገሩ ሁሉ ወጥቶ የቆፈረው እርከን አለ። የልማት ሠራተኛው ገመድ ወጥሮ መስመሩን ሲያሳየን "ዝናቡ እዚያው ይስረግ፤ የተረፈው ግን መውጫ ይፈልጋል" ብሎ ነበር። መውጫው በእኛና በጎን ጎረቤታችን ወሰን ወርዶ፣ ድንጋይ ተነጥፎበት ወንዝ መግባት ነበረበት። ጎረቤታችን ሽማግሌ ናቸው።

"አያ፣ በአንቱ በኩል አንድ ክንድ ይልቀቁ" አላቸው ባለቤቴ።

"አንድ ክንድ? ለእኔኮ መቀበሪያዬ ናት። አንተ ልቀቅ። ጎልማሳ ነህ፣ ሌላ ታገኛለህ።"

"ከየት ነው የማገኘው? ከሰማይ?"

ቆፋሪው ሁሉ ሳቀ። የልማት ሠራተኛው ሁለቱንም ለመነ። ማንም አልለቀቀም። በመጨረሻ "ለጊዜው ይቆይ" ተባለና የእርከኑ ጫፍ በአፈር ተዘግቶ ቀረ። ክፋት አልነበረም። መሬቱ ትንሽ ስለሆነ ለውሃ የሚተርፍ አልነበረንም።

ጾሙ የተፈታ ዕለት አስቀድሰን ተመለስን። ዝናቡ ግን ባሰበት። ባለቤቴ ወጥቶ አይቶ መጣ። ውሃው እርከኑን ሞልቶ ከንፈሩ ላይ ደርሷል። ዶማውን አነሣ። ጫፉን ቢከፍተው ውሃው ቀስ ብሎ በወሰኑ ይወርድ ነበር። ተከትዬው ወጣሁ። ሽማግሌው እርከኑ ላይ በዝናብ ቆመው አገኘናቸው።

"ዛሬ የእመቤታችን በዓል ነው" አሉት።

"አውቃለሁ፣ አያ።"

"አውቀህ ነው ዶማ የተሸከምኸው? በረዶ ቢወርድ የአገሩን እህል አንተ ልትተካ ነው?"

"የአንቱም ማሳ እኮ ነው አብሮ የሚሄደው!"

"ይሂዳ። በእኔ ሰበብ አገር ከሚጠፋ የእኔ ይሂድ።"

በአገራችን በበዓል አፈር የነካ ሰው በረዶ ያስወርዳል ይባላል። እንዲህ ያደረገን ሰው ማኅበር አይቀበለውም፤ ለቀብሩም የሚቆምለት አይገኝም። ባለቤቴ ይህን ያውቃል። ዶማውን ሳያወርድ ወደ እኔ ዞረ።

"ሂጂ፣ አባን ጠይቂ" አለኝ።

የንስሐ አባታችን ቤት ሩቅ አይደለም። ጭቃው ግን እግር ይይዛል። ስደርስ እሳት ይሞቁ ነበር።

"አባቴ፣ እርከኑ ሊፈርስ ነው። ቢከፍተው ኃጢአት ይሆንበታል?"

ደጁን ከፍተው ሰማዩን አዩ።

"ልጄ፣ እኔስ እፈታው ነበር። አገሩ ግን አይፈታውም" አሉ። ቀጥለው "በይ እንሂድ፤ እኔ ያዘዝሁት ነው እላለሁ" ብለው ጋቢያቸውን ደረቡ።

ዕድሜያቸው ስለገፋ ክንዳቸውን ይዤ ነበር የምንወጣው። ሁለት ጊዜ አንሸራተታቸው። "ተዪኝና ቅደሚ" አሉኝ፤ ትቼ መሄድ አልሆነልኝም። ከቁልቁለቱ አፋፍ ስንደርስ ድምፅ ሰማን። ነጎድጓድ መስሎኝ ነበር፤ ነገር ግን አላቆመም።

እርከኑ በወሰኑ ላይ ተሰብሮ ነበር። አንድ ክንድ የነፈግነው ውሃ የሁለታችንንም ማሳ አጥቦ፣ ገብሱን ከነሥሩ፣ አፈሩን እስከ ዓለቱ ይዞት ወረደ። ባለቤቴ ዶማውን እንደተሸከመ ነው። ሽማግሌው ቆባቸውን አውልቀው ዝናቡ በራሳቸው ላይ ይወርዳል። አባ መስቀላቸውን አወጡ፤ ሦስታችንም ተራ በተራ ተሳለምን።

ከዚያ ወዲህ በየበጋው በስፍራው የድንጋይ ክትር ይሠራል፤ ሣርም ይተከላል። በየክረምቱ ውሃው ይወስደዋል። አፈር ከሌለበት ምን ይይዘዋል?

ያን ዕለት ማታ ባለቤቴ እራት ሲቀርብለት አልበላም።

"መስከረም ሳይጠባ ሁመራ እወርዳለሁ" አለ።

"ወባውስ?"

"እሱ ያውቃል።"

ልጆቹ ተኝተዋል። ውሃው ወደ ቤታችን ሳይዞር፣ አንድ ነፍስ ሳይነካ አልፏል። ይህንንም ያላገኘ አለ ብዬ ማዕዱን አነሣሁ።

በማግስቱ ማልጄ ተነሥቼ ሰገድሁ፤ ልጆቼን ስለጠበቀችልኝ እመቤቴን አመሰገንሁ። ከዚያ ከጎታው ሥር የቀረችውን ገብስ ጠርጌ አወጣሁ። ቆላሁ፤ ፈጨሁ። ለመንገዱ በሶ አዘጋጀሁለት።