በሚካኤል ዕለት የታጠፈ ደብተር

ልጆቹ ዘንድሮ ያዙኝ። ሁለቱ የልጅ ልጆቼ ኮሌጅ ደርሷቸው ቦርሳቸውን ሲያሰናዱ፣ «እምዬ፣ አንቺ ተማሪ አስቀምጠሽ ታውቂያለሽ። አዲስ ገቢ ምን ልማድ ቢይዝ ይበጀዋል? ንገሪን» አሉኝ። ፊደል ያልቆጠረች አሮጊት ስለ ትምህርት ስትጠየቅ እንዴት አልስቅ? ሳቅሁ። ኋላ ግን ሳቁ አፌ ላይ ቀረ።

«እኔ የማውቀው ልማድ እንዴት እንደሚፈርስ ነው» አልኋቸው።

«እሱንም ቢሆን ንገሪን» አሉ። ታናሽቱ ልትጽፍልኝ እስክሪብቶ አነሣች።

ያስቀመጥኋት ተማሪ የእነሱ ታላቅ እህት ናት። አባታቸው ልጄ መካነ ብርሃን ገበሬ ነው። ልጅቱ ጎንደር ኮሌጅ ሲደርሳት ከፒያሳ ወረድ ብላ ወዳለችው ቤቴ ገባች። ያን ጊዜ ጉልበቴ ደኅና ነበር፤ ፈትል እየፈተልሁ፣ በየሸማኔው ቤት እያደረስሁ ስዞር ነው የምውለው። ማታ ስገባ እሷ መስኮቱ ሥር ዱካዋ፣ ማለት በርጩማዋ ላይ ተቀምጣ አገኛታለሁ።

ልማዷ ሸጋ ነበር። ከትምህርት እንደ ተመለሰች እግሯን ትታጠባለች፤ ያን ዕለት የተማረችውን ሳትጨርስ እህል አትቀምስም። አንብባ ደብተሩን ትዘጋና ለግድግዳው ታስተምረዋለች። እውነቴን ነው፣ እጇን እያወራጨች! ግድግዳው ካልገባው እንደገና ትከፍታለች። ምን እንደምትል ባላውቅም መስማቱ ደስ ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ርቧት ፊቷ ሲገረጣ አይቼ፣ «ቅመሽ እንጂ፣ ነገስ ቀን አይደለም?» አልኋት።

«እምዬ፣ ይኼ እኮ እንደ አረም ነው። ዛሬ ካለፍሁት ነገ እጥፍ ሆኖ ይጠብቀኛል።»

የገበሬ ልጅ አይደለች? አነጋገሯ ጣመኝ። ምነው ባልጣመኝ።

ወሩ አሥራ ሁለት ሲል፣ ሚካኤልን ስሜ ስመለስ ደብተሯን ዘርግታ ደረስሁባት።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«እያጠናሁ።»

«በሚካኤል? እጠፊው!»

«ማጥናት ሥራ አይደለም እኮ፣ እምዬ።»

«አረም ነው ያልሽኝ አንቺ አይደለሽ? ሥራ ካልሆነማ ምነው ግንባርሽን አላበው?»

ሳቀች። ስቃ አጠፈችው።

እኔ ክፉ አስቤ አይደለም። በእኛ አገር በበዓል ሞፈር አይነሣም። ልጅ ሳለሁ አንድ ሰው በአቦ ዕለት ሲያርስ ዋለና በሳምንቱ በረዶ ወርዶ የቀበሌውን ገብስ ከመሬት ደባለቀው። እሱ ነው ያመጣብን ብለን ዓመት ሙሉ ሰላምታ ነሣነው። ምስኪን፣ ሲሞት እንኳ ሰው እያጉረመረመ ነው የቀበረው። እና ይኼ ፍርሃት ከእኔ ጋር ጎንደር ገብቷል። በረዶው በልጄ ልጅ ላይ እንዳይወርድ ነበር የምሳሳው።

ሚካኤል ብቻ ቢሆን በተሻለ። አምስት አቦ፣ ሰባት ሥላሴ፣ አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት፣ አሥራ ዘጠኝ ገብርኤል፣ ሃያ አንድ ማርያም፣ ሃያ ሦስት ጊዮርጊስ፣ ሃያ ሰባት መድኃኔዓለም፣ ሃያ ዘጠኝ በዓለ ወልድ። ቅዳሜና እሑድ ሳይጨመር። እሷ አንድ ቀን በጣቷ ቆጥራ፣ «እምዬ፣ ወሩ አለቀ እኮ!» አለችኝ።

«ይለቅ፣ መልአኩ ያስተምርሻል» አልኋት።

በእነዚያ ቀኖች እኔም እንዝርቴን አስቀምጬ ከእሷ ጋር እቀመጣለሁ። ያደግሁባትን የጃናሞራን ነገር አጫውታታለሁ፤ ያን በአቦ ዕለት ያረሰውን ሰውዬንም እየመሰልሁ አሳያታለሁ፤ እንባዋ እስኪፈስ ትስቃለች። ደስ ያላት መስሎኝ። ደስም ብሏት ነበር መሰለኝ።

መጀመሪያ ላይ የበዓሉን በማግሥቱ እጥፍ እየሠራች ታካክስ ነበር። ወዲያው የሁለት ቀኑ የሦስት ሆነ። ከዚያ በሥራ ቀንም ዱካው ባዶውን ይውል ጀመር። ስገባ ጋደም ብላ ስልኳን ስትነካካ አገኛታለሁ።

«ዛሬ ግድግዳው አልተማረም?» እላታለሁ።

«እሱም በዓል ላይ ነው» ትለኛለች።

እስቃለሁ። እዚያ ላይ መሳቅ አልነበረብኝም።

በዓመቱ መጨረሻ ነጥብሽ አልበቃም ተብላ ተሰናበተች። አላለቀሰችም። ደብተሮቿን በማዳበሪያ ከረጢት ከትታ አሰረችው። መናኸሪያ ድረስ ሸኘኋት። አውቶብሱ ሲነሣ በመስኮት ብቅ ብላ፣ «አይዞሽ፣ እምዬ» አለችኝ። እኔ ልላት የሚገባውን እሷ አለችኝ።

ባዶ ቤት ገብቼ ዱካው ላይ ስቀመጥ ነው አባቴ ትዝ ያለኝ። አባቴ ወይፈን ሲያቀና፣ ማለት ለእርሻ ሲያለማምድ፣ በበዓል ቀን ቀንበሩን ብቻ አንገቱ ላይ ጣል አድርጎ ግቢውን አንድ ጊዜ ያዞረው ነበር። ሞፈር የለ፣ መሬት አይነካ። «ቀንበሩን ከረሳ ዳግመኛ ማቅናት ነው» ይል ነበር። በዓሉም አይሻር፣ ወይፈኑም አይረሳ። እኔ ይኼን በዓይኔ እያየሁ አድጌ ለልጄ ልጅ አላሰብሁላትም። ደብተሩን ከፍታ ለግድግዳው አንዲት ነገር ብትነግረው ምን ነበረበት?

ለሁለቱ ልጆች እንዲህ አልኋቸው፦ «እናንተም ይኼንኑ ያዙ። ሲደክማችሁም፣ እንግዳ ሲመጣም፣ ዱካችሁ ላይ ጥቂት ሳትቀመጡ አትዋሉ። ሌላ ምክር የለኝም።»

እሷ አሁን መካነ ብርሃን ወልዳ ከብዳለች። ስሄድ እግሬን ታጥበኛለች፤ ስለ ኮሌጁ ግን አንስታ አታውቅም፤ እኔም አላነሣባትም።

አምና ነገሩ ሲከብደኝ ለንስሐ አባቴ ተናገርሁ። «አባ፣ በዓል አስከብራለሁ ብዬ ልጅ ከመንገድ አስቀረሁ» አልኋቸው። መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከዚያ እንዲህ አሉኝ፦ «ልጅቱ ገና በመጀመሪያው ወር ደጀ ሰላም መጥታ ጠይቃኝ ነበር። ማንበብ በዓል አይሽርም፣ አንብቢ፣ ለአያትሽም እኔው እነግራታለሁ አልኋት። እሷ ግን እግሬ ላይ ወድቃ ለመነችኝ። አይንገሩብኝ አባ፣ እምዬ አጠገቤ የምትቀመጠው በበዓል ብቻ ነው አለችኝ።»